እምቢ ማለት በማይችል ሰው ፊት፦ ሃይማኖት በሕክምና ቤትና በአደባባይ



እንድናገር የተጠየቅኩት ሃይማኖት በሕክምና ቤትና በአደባባይ ስለሚገለጽበት ሁኔታ ነው። ይህ ርእስ ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ጠብ ጠቡን ነው፤ ሒጃብ ይፈቀድ አይፈቀድ፣ የድምፅ ማጉያ ይቀነስ አይቀነስ። እሱም አለ፣ እደርስበታለሁ። እኔ ግን ነርስ ነኝ፤ የማውቀው የአልጋ ዳሩን ስለሆነ ከዚያ ልነሣ።

የሕክምና ተማሪ የሕመም ታሪክ መጻፍ ሲማር ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ ዕድሜ፣ ፆታ፣ አድራሻ፣ ሥራና ሃይማኖት ያሰፍራል። «የ58 ዓመት ሴት፣ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን፣ ከደብረ ብርሃን የመጡ» ብሎ በጠዋቱ ራውንድ ላይ ያነባል። ከዚያ በኋላ ያቺን ቃል የሚያነሣት የለም። ስኳራቸው ይለካል፣ ግፊታቸው ይለካል፣ የመድኃኒታቸው መጠን ይሰላል፤ ሃይማኖታቸው ግን እንደ ቀበሌያቸው ቁጥር ካርዱ ላይ ተጽፎ ይቀራል። ሴትዮዋ ደግሞ ሁዳዴን እየጾሙ ነው።

ነገሩን እስከ መጨረሻው እንከተለው። እኚህ እናት ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ ይወጋሉ እንበል። እህል የሚቀምሱት ከቅዳሴ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። የጠዋቱን መርፌ ተወግተው ሳይበሉ ሲውሉ ስኳራቸው ይወርዳል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወድቀው ሰው ደግፎ አውጥቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ የጠዋቱን መርፌ ትተውታል። የቀጠሮ ቀን ሲመጣ ስኳራቸው ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ግንባሩን ቋጥሮ «ይጾማሉ እንዴ?» አላቸው። ያንን ግንባር ያውቁታል፤ «ኧረ አልጾምም፣ ልጄ» አሉ። ሐኪሙ መድኃኒቱ አልበቃቸውም ብሎ መጠኑን ጨመረ። ፋሲካ ሲገባ እናታችን የጠዋቱንም የማታውንም መርፌ፣ ያውም በተጨመረው መጠን፣ መወጋት ይጀምራሉ። የዳግማ ትንሣኤን ሳምንት የሚያሳልፉት ድንገተኛ ክፍል ቢሆን አይግረማችሁ።

እዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሐኪሙ ለጤናቸው ነው የተቆጣው፤ እሳቸውም የዋሹት ሐኪሙን ላለማስቀየም ነው። የተበላሸው አጠያየቁ ላይ ነው። «ይጾማሉ እንዴ?» ብሎ ግንባር ከመቋጠር «ጾሙን እንዴት ይዘውታል?» ብሎ ወንበር መሳብ ይሻላል። በሁለተኛው ጥያቄ መጾማቸው ጥፋት ሆኖ አልቀረበም፤ ስለዚህ የሚደበቅ ነገር አይኖርም። እውነቱ ከወጣ በኋላ የመርፌው ሰዓትና መጠን ሊስተካከል፣ የጾሙ ሰዓት ሊያጥር ይችላል፤ ጾሙ ጨርሶ የሚያሰጋቸው ከሆነ ደግሞ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ በቅንነት መንገር ይቻላል። የኛ ሰው «ተወው» የሚለውን ቃል ከሐኪም አፍ ሲሰማ እምነቱ የተነካ ይመስለዋል፤ ከንስሐ አባቱ ሲሰማው ግን ይቀበለዋል። እስልምናም ለታመመ ሰው የጾምን ግዴታ አላልቷል፤ ቁርአኑ ራሱ በሽተኛውና መንገደኛው በሌላ ቀን እንዲያካክሱ ፈቅዷል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በረመዳን ስለሚጾሙ ሕመምተኞች መመሪያ ካወጣ ቆይቷል፤ የመጀመሪያው በ2016 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ በ2021 ታደሰ። ምክሩም ቀላል ነው፤ ሕመምተኛውን ረመዳን ከመግባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድማችሁ ጥሩት፣ ስጋቱን መዝኑ፣ መድኃኒቱን አስተካክሉ ይላል። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት መቶ ሰማንያ ቀን ያህል በሚጾምበት አገር ይህንኑ ከነነዌ ጾም በፊት እንዳናደርግ የሚከለክለን ነገር አላውቅም።

አሁን ንግግሬን በሙሉ የምመዝንበትን ሚዛን ላስቀምጥ። አንድ ሰው እምነቱን በሌላው ፊት ሲገልጽ እኔ የማየው ያ ሌላው ሰው እምቢ ማለት ይችል እንደሆነ ነው። የሚችል ከሆነ ነገሩ ቢጎላም አያሳስበኝም። የማይችል ከሆነ ግን በሹክሹክታ የተነገረ ጸሎት እንኳ ያሳስበኛል።

ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ጠረጴዛ ላይ የተኛን ሰው አስቡ። ልብሱን አውልቋል፣ ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቷል፣ ሕይወቱ በሰው እጅ ነው። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ «እንጸልይ?» ቢለው ማን «አይ፣ ይቅርብኝ» ይላል? ሕመምተኛው ሙስሊም፣ ሐኪሙ ጴንጤ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በተገላቢጦሽ። ስለቱን የያዘውን ሰው ማስቀየም የሚፈልግ የለም። ሐኪሙ ከልቡ ነው የጠየቀው፣ አልጠራጠርም፤ ያገኘው «እሺ» ግን ነፃ ሰው የሰጠው «እሺ» አይደለም። ሕመምተኛው ራሱ «ዶክተር፣ ጸልይልኝ» ብሎ ሲለምን ግን ነገሩ ተገልብጧል። ያኔ እጁን ይዞ አንዲት ደቂቃ መቆም፣ የሱ እምነት የኛ ባይሆንም «አሜን» ማለት ደግነት ነው፤ ማንም አይከለክላችሁም። ሐኪሙ ከመግባቱ በፊት ብቻውን፣ እጁን እየታጠበ ቢጸልይም የሱና የፈጣሪው ጉዳይ ነው።

በእንግሊዝ አገር ካሮላይን ፔትሪ የተባለች የማኅበረሰብ ነርስ በ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ለአንዲት አዛውንት ቁስል ካሰረች በኋላ «ልጸልይልዎት?» ብላ በመጠየቋ ከሥራ ታግዳ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ አሠሪዎቿ ወደ ሥራዋ መለሷት። አዛውንቷ እሳቸው እንዳልተቀየሙ፣ ሌላ ሰው ግን ሊከፋው እንደሚችል ነው የተናገሩት። እኔ ይችን ነርስ ማገድ ልክ አልነበረም እላለሁ፤ በጎ ልብ ያላትን ባለሙያ ጠርቶ መምከር ይበቃ ነበር። የአዛውንቷን ቃል ግን አልጥለውም። ቀጣዩ ታካሚ ማን እንደሆነ አታውቁም፤ ነገም ቁስሉን የምታጥቡለት እናንተ ናችሁ።

በኛ አገር የምሰጋው ግን ከሐኪሙ ይልቅ ጠያቂውን ነው። እሑድ ከሰዓት ዋርዱ በሰው ይሞላል። በማኅበር ሆነው የሚመጡ አሉ፤ ለዘመዳቸው ጸልየው ሲያበቁ ወደ ቀጣዩ አልጋ ይሻገራሉ። መጋረጃ የለም። ኦክስጅን አፍንጫው ላይ የተሰካ ሰው ተነሥቶ ሊወጣ አይችልም፤ ጮክ ብለው ሲገሥጹበት፣ በሽታውን ከኃጢአቱ ጋር ሲያያይዙበት ዝም ብሎ ያዳምጣል። ተረኛዋ ነርስ ሃይማኖት የነካች እንዳይመስልባት ትፈራለች። መፍራት የለባትም። «ለዘመዳችሁ ጸልዩ፣ ወደ ሌሎቹ ግን ካልጠሯችሁ አትሂዱ፤ ድምፃችሁንም ዝቅ አድርጉ» ማለት ሥራዋ ነው። የግል ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ በአንድ ሃይማኖት ቻናል ላይ የሚከፈት ቴሌቪዥንም ከዚሁ ይመደባል። ሪሞቱ በእንግዳ ተቀባይዋ እጅ ነው፤ ወረፋውን ጥሎ የሚሄድ ሕመምተኛ የለም።

ወደ ጠበል ልሻገር፤ የዚህ አገር ትልቁ ትምህርት እዚያ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ብዙ ሺሕ ሰዎች ተስፋ ፍለጋ ወደ እንጦጦ ማርያም የወጡበት ዘመን ነበር። አካባቢው ላይ ቤት ተከራይተው፣ በጠዋቱ ብርድ እየተጠመቁ ወራት ይቀመጡ ነበር። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱ መጣ፤ ነገር ግን «ጠበልና ክኒን አብረው አይሄዱም፣ ክኒን የዋጠ ሰው እምነቱ ጎድሏል» የሚል ወሬ ከመድኃኒቱ በፊት ተራራው ላይ ደርሶ ነበር። ብዙዎች ክኒኑን እያቋረጡ ወጡ።

የማቋረጥ ጉዳቱ ከቫይረሱ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ያኔ ይሰጡ ከነበሩት መድኃኒቶች መካከል ኔቪራፒንና ኢፋቪሬንዝ ከደም ቶሎ አይወጡም። ሕመምተኛው ሁሉንም በአንድ ቀን ሲያቆም ጓደኞቻቸው ቀድመው ያልቁና እነዚህ ለቀናት ብቻቸውን ይቀራሉ። ቫይረሱ ከአንድ መድኃኒት ጋር ብቻውን ሲገጥም መቋቋሙን ይለምዳል። ሰውየው ከሁለት ሱባኤ በኋላ ተመልሶ ክኒኑን ቢጀምር የድሮው መድኃኒት ላይሠራለት ይችላል። በሚጥል በሽታ ደግሞ አደጋው ፈጣን ነው፤ ፊኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሳያባራ እየደጋገመ ሊጥልና ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። መድኃኒቷን ትራስ ሥር ትታ ጠበል የወጣች ልጅ የምትጎዳው በዚህ ነው።

በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ናቸው፣ ሁለቱን አብሮ መውሰድ ይቻላል ብለው በይፋ አስተማሩ። ይህ ቃል በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ፖስተር ሁሉ በላይ ሥራ እንደሠራ አምናለሁ። ሰውን ከሁለት አንዱን ምረጥ ስትሉት ከናቱ የወረሰውን ይመርጣል፤ ሁለቱንም ያዝ ስትሉት ግን ክኒኑን በጠበሉ ይውጣል። እኔም ክኒኑ በጠበል ቢወርድ ምንም ቅሬታ የለኝም። የአእምሮ ሐኪሞቻችንም ይህን ተረድተው አዲስ አበባ ውስጥ ከጠበል አጥማቂዎች ጋር ተስማምተው ሠርተዋል፤ ሕመምተኛው እየተጠመቀ መድኃኒቱንም ይወስዳል። ይህን ስምምነት ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ሐኪሙ ካህኑን ላሰናብት አላለም፣ ካህኑም ክኒኑን አልጣለም።

ሚዛኔ እዚህም ይሠራል። ጠበል የወጣው ሰው ራሱ መርጦ ከሆነ መብቱ ነው፤ የኛ ድርሻ መድኃኒቱን አስይዞ መሸኘት ነው። በሰንሰለት ታስሮ የተወሰደው የአእምሮ ሕመምተኛ ግን «እሺ» አላለም። ስለ እሱ ዝም ማለት አንችልም።

አሁን ወደ ልብሱና ወደ አንገቱ ልምጣ። የታካሚውን ላስቀድም። ለክርስቲያን ገበሬ ማተቡን መበጠስ ማለት ሃይማኖቱን እንደመካድ ነው። የእንቅርት ኦፕሬሽን ሲደረግ ደግሞ ማተቡ የሚያርፈው ልክ ቢላዋ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። አንዱ አሠራር የታወቀ ነው፤ ቸኩሎ በመቀስ ቆርጦ ኪድኒ ዲሽ ውስጥ መጣል። ሌላውን ካንዲት የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ተምሬዋለሁ። ከማደንዘዣው በፊት፣ ሰውየው ገና ነቅቶ ሳለ፣ «አባባ፣ ማተብዎን ልፈታው ነው፣ አልበጥሰውም፤ እጅዎ ላይ አስረዋለሁ» ትላለች። ቋጠሮውን በጥፍሯ ትፈታለች፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ያረጀ ቋጠሮ ነው። ብረት መስቀል ካለበት ለልጃቸው ትሰጣለች፤ በኤሌክትሪክ በሚሠራው መቁረጫ ምክንያት ብረት ሰውነት ላይ እንዲቀር አይፈለግም። ክሩን ግን የእጃቸው አንጓ ላይ አስራ በፕላስተር ትሸፍነዋለች። ሰውየው ሲነቁ መጀመሪያ የሚያዩት እጃቸውን ነው። ይህን ያደረገችው ነርስ ፕሮቴስታንት ናት።

በባለሙያው አንገት ላይስ? በ2013 እ.ኤ.አ. ጥር ወር የስትራስቡርጉ የአውሮፓ ሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በአንድ ውሳኔ ሁለት ሴቶችን ዳኝቷል፤ ሁለቱም ሥራ ላይ መስቀል በማድረጋቸው ከአሠሪዎቻቸው ጋር የተጋጩ ናቸው። ናዲያ ኤዌይዳ በብሪቲሽ ኤርዌይስ መንገደኛ ተቀባይ ነበረች፤ እሷ ረታች። ሸርሊ ቻፕሊን በኤክሰተር ሆስፒታል የረጅም ዘመን ነርስ ነበረች፤ እሷ ተረታች። ልዩነቱ ሕመምተኛው ነው፤ አእምሮው የታወከ በሽተኛ ሐብሉን ይዞ ሊጎትት፣ ሐብሉም ተንጠልጥሎ ክፍት ቁስል ሊነካ ይችላል ተባለ። ለንደን ውስጥ በነርስነትና በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ የሀገራችን ልጆች ይህን ውሳኔ ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል፤ ማተብ በቀላሉ አይበጠስምና በአእምሮ ሕክምና ዋርድ ውስጥ የነርሷንም የታካሚውንም አንገት ሊያንቅ ይችላል። ከልብስ ሥር ይግባ፣ ወይም በሌላ መንገድ ይታሰር። በሌላ ወገን ያው ፍርድ ቤት በኅዳር 2015 እ.ኤ.አ. ኢብራሂሚያን በተባለች ሴት ጉዳይ የሰጠውን ፍርድ አልቀበለውም። ናንቴር በሚገኝ የፈረንሳይ ሆስፒታል የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነበረች፤ ሻሿን አላወልቅም በማለቷ ውሏ አልታደሰም፣ ፍርድ ቤቱም ጥፋት አላየበትም። ሻሽ ቁስል አይነካም። ታካሚውንም «አንተም ልበስ» አይለውም። የተሸፈነ ፀጉር ያየ ሰው ምንም አልተጠየቀም፤ ስለዚህ እምቢ የሚልበትም ነገር የለም። እጅ መታጠብ ላይ ግን ድርድር የለም። እጅጌ እስከ ክርን ይሰበሰብ ሲባል የከበዳቸው ሙስሊም ባለሙያዎች በእንግሊዝ አገር ነበሩ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው መመሪያ ተጠቅመው የሚጥሉት እጅጌ ተፈቀደላቸው። ጀርሙም አልተሻገረ፣ ሴቶቹም ከሥራ አልወጡ።

በአደባባይ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ታክሲ ውስጥ የተለጠፈ የማርያም ሥዕል ወይም የቁርአን አንቀጽ ማንንም አያስገድድም፤ ተሳፋሪ ካልተመቸው ይወርዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ እምነትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግ፣ ያውም ለጤና፣ ለደኅንነት፣ ለሌሎች መብትና ለመሰል ምክንያት ብቻ እንደሆነ ደንግጓል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ በማድረጋቸው ከትምህርት የተከለከሉ ተማሪዎች ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲደርስ እኔን ያሳዘነኝ አቅም የሌላቸው እነሱ መሆናቸው ነው። ፈተና ሊቀመጥ የደረሰ ልጅ ለርእሰ መምህሩ እምቢ ማለት ይከብደዋል። የድምፅ ማጉያውን በተመለከተ ከቤተ ክርስቲያን ይምጣ ከመስጊድ ለኔ አንድ ነው፤ አጠገቡ የተኙ ሕመምተኞች ካሉ ይቀንስ። ይህን ለመጠየቅ የሆስፒታል ኃላፊ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪና ወደ ኢማሙ ራሱ በእግሩ ይሂድ፤ ደብዳቤ አይላክ። ኮቪድ በገባበት በ2012 ዓ.ም. የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ጸሎቱን ወደ ቴሌቪዥን አምጥቶ ለአንድ ወር ሲያካሂድ ሕዝቡ በየቤቱ ሆኖ ተከታትሏል። አባቶች ከተጠየቁ ይሰማሉ።

አሁን ወደ ዋርዱ ልመለስ፤ በቅርቡ ወደዚያ የምትገቡ ተማሪዎች ትንንሽ ነገሮችን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። የቆረበ ሰው በዚያ ዕለት አይተፋም፣ ደሙም እንዲፈስ አይፈልግም። እሑድ ከሰዓት «አክታ ይስጡ» ብትሉት አንገቱን ይደፋል። ምርመራው ሰኞ ጠዋት ቢደርስ ምንም የማይጎዳ ከሆነ ሰኞ ይሁን፤ የሚያጣድፍ ከሆነ ምክንያቱን ነግራችሁት ካህን ጠይቆ ይወስን። ምጥ ላይ ያለች እናት «ማርያም፣ ማርያም» ብትል «ዝም በይ» አትበሏት፤ ሙስሊም እናት ሴት አዋላጅ ስትጠይቅ ካለች አምጡላት፣ ከሌለች ቀድማችሁ ንገሯት። ጨቅላ ሕፃን በማሞቂያ ውስጥ ሳለ ሊያርፍ የቀረበ ከሆነ ቤተሰቡ አርባና ሰማንያው ሳይሞላ እንዲጠመቅ ካህን ሊያመጣ ይችላል። ሥርዓቱም ለእንዲህ ያለ ጊዜ ይፈቅዳል። ካህኑ እጃቸውን ይታጠቡ፣ ጋውን ይልበሱ፣ ውኃው ለብ ይበል፤ ይግቡ። ክፍሉ ጠባብ ነው ብላችሁ አትመልሷቸው።

በመጨረሻ የሞተውን ሰው ላንሣ፤ እሱ ከማንም በላይ እምቢ ማለት የማይችል ነውና። ለሙስሊም ቤተሰብ ትጥበቱ፣ ከፈኑና ቀብሩ አይዘገይም፤ ቢቻል በዕለቱ ያልቃል። ክርስቲያኑም ፍትሐቱን አስቦ ካህናቱን ቀጥሯል። ሰው አርብ ማታ ካረፈ ግን የሚፈርም ሳይገኝ አስከሬኑ እስከ ሰኞ የሚቆይባቸው ቦታዎች አሉ። ለቅሶ የተቀመጡ ሰዎች በር ላይ ሆነው ወረቀት ይጠብቃሉ፤ ጮኸውም አይጣሉም፣ ሐዘን ላይ ናቸው። ወደምትመደቡበት ሆስፒታል ስትገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፤ ቅዳሜ ሌሊት የአስከሬን መውጫ ወረቀት ላይ የሚፈርመው ማነው፣ ስልኩስ የት ተጽፏል? የሚፈርም ተረኛ ከሌለ እንዲመደብ በዚያው ሳምንት ለሜትሮኗ አመልክቱ።